ሜዳ ላይ ማኅበር፣ ዳገት ላይ ምናኔ

ከውሸት ወገን ሆነው ሳለ መምህረ ንስሐ ቀኖና የማይሰጥባቸው ጥቂት ቃላት አሉ፤ ከነዚህም መካከል የብስክሌት ማኅበርተኞች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው «ዛሬ እንኳ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው» የሚባባሉትን የሚያህል ጨዋ ውሸት በዚህ በኩርሙክ ምድር እስካሁን አልሰማሁም። ተናጋሪው እንደሚዋሽ ያውቃል፤ ሰሚውም እንደተዋሸ ያውቃል፤ ሆኖም ሁሉም ቡራኬ እንደሚቀበል ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያም ሥርዓተ ኑዛዜው ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ሌላው ሰው ያስመዘገበውን ዕቃ ሲፈትሽ የሚውለው የጉምሩክ ጸሐፊ የራሱን ጉልበት ከእውነተኛው ዋጋ በግማሽ አሳንሶ ያስመዘግባል፤ መምህሩ የፈተና ወረቀት ሲያርም እንዳደረ ይናገራል፤ ነርሱ «ወባ ሳይጀማምረኝ አልቀረም» ይላል፤ የወባውን መድኃኒት የሚሰጠው እሱ ራሱ ስለ ሆነም ነገሩን ሊያስተባብል የሚደፍር የለም። እኔም በበኩሌ ዕድሜዬን እጠቅሳለሁ። ወጣቱ ልብስ ሰፊ ብቻ አንዳች ሳይናገር፣ በርከክ ብሎ የኋላ ጎማውን በፖምፓ ይነፋል፤ የመንገዱን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንግዲህ የሚፈራው ከሕመምተኞቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ዝምተኛ ነው።

ኩርሙክን ለማያውቅ አንባቢ አቀማመጡን ማስረዳት ይገባኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር በሚጠጋ ቆላ፣ በሱዳን ድንበር ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከድንበሩ ማዶም ያው ኩርሙክ ተብሎ የሚጠራ የሱዳን ከተማ አለ፤ የክልሉ መዲና አሶሳ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በማንጎ ጥላና በቀርከሃ ጫካ መካከል በወይና ደጋ አየር ትኖራለች። እንግዲህ ከኩርሙክ ተነሥቶ ወደ አሶሳ የሚጓዝ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ በኮረብቶቹ መካከል እየተጥመለመለ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ይህን አገር በየዘመኑ ብዙ ሰው ደጅ ጠንቶታል፤ የግብፁ መሐመድ ዓሊ ወርቅ አለ ሲባል ሰምቶ ወደዚህ ዳርቻ ጦር ልኮበታል፤ ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከኛ ወገን ተሻግሮ የማዶውን ኩርሙክ ይዞበታል፤ ከዚያም በኋላ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ቊጥር ሕፃን ያዘለች እናት እቃዋን በራስዋ ተሸክማ ተሰድዳበታለች። ሁሉም በየምክንያቱ ነበር። ወርቅ ሳንፈልግ፣ ጦር ሳይመራን፣ ጠላትም ሳያሳድደን፣ በገዛ ፈቃዳችን ላባችንን እያንጠፈጠፍን በጥድፊያ የምንወጣበት እኛ ብቻ ነን።

መሣሪያችንም ለዚህ ተግባር የተመረጠ አይደለም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ሕግ ደንግጓል፤ እኛ ይህን ሕግ በመተላለፍ አንከሰስም፤ ከማኅበራችን ግማሹ የሚጋልበው ሃያ ኪሎ የሚጠጋ፣ ከኋላው የጭነት ወንበር ያለው፣ ከፊቱም ደወል የተንጠለጠለበት የቻይና ፊኒክስ ነውና። ማርሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ለሜዳም ለዳገትም ያለችው አንዲት ጥርስ ናት። ይህን እንደ ድህነት የሚቈጥር ሰው ቢኖር ግን የቱር ደ ፍራንስን መሥራች አንሪ ዴግራንዥን ታሪክ ልጥቀስለት፤ እኚህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ውድድሩን ከጀመሩ በኋላ፣ ማርሽ ለሰነፎች የተፈጠረ ማባበያ ነው በሚል አሳብ ይመስላል፣ እስከ 1937 ድረስ ለተወዳዳሪዎቹ የማርሽ መቀየሪያ አልፈቀዱም ነበር፤ ጋላቢው ተራራ ሥር ሲደርስ ወርዶ የኋላ ቸርኬውን ነቅሎ በማዞር ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ ይሻገር ነበር። ስለዚህ እኛ የኩርሙክ ሰዎች ከሥልጣኔ ወደ ኋላ የቀረን ሳንሆን ጥንታዊውን ሥርዓት ሳናጎድል ጠብቀን የምንኖር ነን ማለት ነው።

የጉዞው መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ሜዳውም የፍቅር ዘመን ነው። የፊተኛው ነፋሱን በደረቱ ይከፍላል፤ የኋለኞቹ ጎማቸውን ከጎማው አንድ ክንድ ያህል አቅርበው በጥላው ይሄዳሉ፤ የፊተኛው ሲደክመው በግራ ወጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ተራውን ይቀበላል። የመምህሩን ትምህርት በአጭሩ ባቀርበው፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በዚህም የተነሣ ከሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ከድካሙ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን በነጻ ይቈጥባል። የአካባቢያችን የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የቅል መለከት አለው፤ ቅሎቹ እርስ በርሳቸው ተቀጣጥለው የሚሠራው ይህ መለከት አንዱ ለብቻው አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ዜማው ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ሁሉ ተሰልፈው በየተራቸው ሲነፉ ነው። የኛም ሰልፍ በሜዳው ላይ እንደዚሁ ነው፤ ለየብቻችን ብንመዘን አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ያለን ሰዎች፣ ተሰልፈን ግን ኩርሙክ የሚደነቅበት ዜማ ነን። በዚያች ሰዓት የጉምሩኩ ጸሐፊ እንኳ ቀረጥ አይታየውም።

ይሁን እንጂ ሰላሙን የሚያናጋው ጠላት ከውስጥ ይነሣል። ከሁለቱ ጎን ለጎን ከሚሄዱት አንደኛው የፊት ጎማውን ከጎረቤቱ ጎማ በአንድ ስንዝር ያስቀድማል፤ ጎረቤቱም፣ ኋላ መቅረቱ ሳይሆን ኋላ የቀረ መምሰሉ አሳፍሮት፣ ስንዝሯን ያስተካክላል፤ የመጀመሪያው ደግሞ እንደ ገና ስንዝር ይጨምራል። ማንም ማንንም ለመቅደም አላሰበም፤ «ቀስ ብለን» የተባለው ቃል ኪዳንም በአንደበት አልፈረሰም፤ ነገር ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍየሎቹ ከመንገዱ መሸሽ ይጀምራሉ። የፍጥነታችንን ልክ ለማወቅ ሰዓትም ሆነ መሣሪያ አያሻንም፤ ጨዋታችን ራሱ መለኪያ ነው። በመጀመሪያ ስለ ማሽላ ዋጋ፣ ስለ ዝውውርና ስለ ደመወዝ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከነማሰሪያ አንቀጹ ይነገራል፤ ቀጥሎ ማሰሪያ አንቀጹ ይቀራል፤ ቀጥሎም ባለቤቱና ተሳቢው ተለያይተው አንዱ በአንዱ ኮረብታ፣ ሌላው በሌላው ላይ ይሰማል፤ በመጨረሻ የሚቀረው «እህ» ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜም እያንዳንዱ ሰው፣ ሳንባው እንደ ወናፍ እየተርገበገበ ሳለ፣ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ለመተንፈስ ይታገላል፤ ባልንጀራው እንዳይሰማው ነው።

ዳገቱ የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው። ሊቃውንት እንደሚነግሩን የገዳም ሥርዓት ሁለት ዓይነት ነው፤ በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ ሥራውንም ማዕዱንም በማኅበር ሲያደርጉ፣ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ በየበኣቱ ለራሱ ይተዳደራል። እኔም እላለሁ፦ ሜዳ የአንድነት ገዳም ነው፤ ዳገት ግን ቁሪት ነው። ምክንያቱም ሥጋዊ ነው፤ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚወድቅ ነፋሱ ኢምንት ይሆናል፤ ነፋስ ከሌለ ደግሞ የሰው ጀርባ ለማንም ጥላ አይሆንም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጫነን ክብደታችን ብቻ ነው፤ ክብደት ደግሞ በተራ የማይሸከሙት ነገር ነው። ማታ የበላሁትን ገንፎ ከባሚያ ወጡ ጋራ ወደ ላይ የምገፋው እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ያ በዜማ የተሳሰረ ሰልፍ አንድ ኩርባ ሳይጨርስ ይበተንና፣ እያንዳንዱ በየራሱ ተባሕትዎ፣ ዓይኑን ከፊት ጎማው ሳያነሣ፣ ከገዛ ኃጢአቱ ጋር ብቻውን ይሟገታል።

በአገራችን ይህን መበታተን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። ታናሽ ታላቁን በመንገድ እንዴት ይቀድማል? ልብስ ሰፊው ከኋላዬ ሲደርስ ቀድሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ባልፍዎት ይቀየሙኛል?» ይላል። እኔ ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ ስለሌለኝ በእጄ እንዲያልፍ አመለክታለሁ፤ እሱም ወገቡን አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በፍጹም ትሕትና ያልፈኛል። የብስክሌት መሪ ሠሪዎች ለኛ ባህል ያበረከቱት ትልቅ ውለታ ይህ ይመስለኛል፤ ታላቁን እየቀደመ ያለ ወጣት ሁሉ እጅ እየነሣ ያለ ይመስላልና።

ከሁሉ በላይ ትዕቢታችንን የሚፈትነው ግን አህያ ነው። በበረታው ዳገት ላይ የኛ ፍጥነትና ማሽላ የተጫነ የአህያ ፍጥነት እኩል ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የደረስንበት አህያ ረጅም መንገድ አብሮን ይሄዳል። አንድ ቀን የአህያው ጌታ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ፊታችንን አተኩረው ሲመለከቱ ቈዩና በኀዘኔታ «ልጆቼ፣ ማን ነው የሚያሳድዳችሁ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ እንደ ምንም ትንፋሹን ሰብስቦ «ማንም፣ ሸህ» አላቸው። «እንግዲያው ቀስ በሉ» አሉ። ያንን ቃል በዚያ ቀን በእውነት የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወርዶ መግፋት ነውር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ማኅበራችንን ብዙ አከራክሯል። እኔ ከማይነውሩት ወገን ነኝ፤ ምስክሬም ታላቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን በጋለበበት ዓመት፣ ሐምሌ 7 ቀን፣ ሞን ቫንቱ በሚባለው ተራራ ላይ የቢጫው ማሊያ ባለቤት እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩም ከሞተር ብስክሌት ጋር በተፈጠረ ግጭት ብስክሌቱ ተሰብሮበት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዳገቱን በእግሩ ሲሮጥ ዓለም አይቶታል፤ ውድድሩንም በመጨረሻ ያሸነፈው እሱ ነው። ልዩነታችን የሱ ብስክሌት ሲሰበር የኔ ጉልበት መሰበሩ ብቻ ነው። ዳሩ ግን መምህሩ ሌላ ምስክር ያቀርባል፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት፤ የአበበ ቢቂላ ስም ገና ከመሰማቱ በፊት፣ 187 ኪሎ ሜትር በሚያህል የጎዳና ውድድር ላይ የአገራቸውን ስም ይዘው ተሰልፈዋል። «እነሱ ሳይወርዱ አንተ ትወርዳለህ?» ይለኛል። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ስለዚህ እንደ ገና እወጣለሁ።

ታዲያ ዳገቱ ለየብቻችን የሚያስመንነን ከሆነ ማኅበሩ ለምን አስፈለገ የሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፦ ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ እጅግ ይራራል። እኔ ብቻዬን በዚህ ዳገት በወጣሁበት ጊዜ ሁሉ የመልክዓ ምድሩን ውበት ለማድነቅ በየኩርባው ቆሜአለሁ፤ ከማኅበሩ ጋር ስወጣ ግን መልክዓ ምድር መኖሩንም አላውቅም። ባሕታዊ በበረሓ የሚጋደለው እግዚአብሔር እንደሚያየው ስለሚያምን ነው፤ እኛ እምነታችን ደካማ ስለ ሆነ ከፊታችን የሚርቀው የባልንጀራ ጀርባ ያስፈልገናል። ያ ጀርባ ከነፋስ ባይጋርደንም ከስንፍና ይጋርደናል። ነፋሱን የምንካፈለው በሜዳ ነው፤ ዳገት ላይ የምንካፈለው እፍረትን ነው፤ ከሁለቱ የትኛው አብልጦ እንደሚያስኬድ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ በእኔ ጉልበት የተፈተነው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

አሁን ግን የማኅበሩን አንድ ግፍ ሳልናገር ብዕሬን አላኖርም። በአሶሳ መንገድ ላይ ካለችው ከሆሞሻ ስንደርስ ከማንጎ ዛፍ ሥር የመሰብሰብ ልማድ አለን፤ ቀድሞ የደረሰ የኋለኞቹን ይጠብቃል፤ «ማንም አይጣልም» የሚለው ሕጋችን የተከበረ ነውና። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ይደርሳል፤ ጫማውን አውልቆ፣ ከርከዴውን ጠጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ አንዳንዴም ሸለብ አድርጎት ይቈያል። ቀጥሎ ነርሱ ከነወባው፣ ቀጥሎ ጸሐፊው ይደርሳሉ፤ እነሱም በየደረጃቸው ያርፋሉ። በመጨረሻ እኔ፣ ከሁሉ ይልቅ ዕረፍት የሚያሻኝ ሰው፣ ላቤ ዓይኔን እየጋረደኝ ከጥላው ደርሼ አንድ እግሬን ከመሬት ሳሳርፍ፣ ሁሉም በአንድነት ብድግ ይሉና አቧራቸውን እያራገፉ «ጋሼም ደረሱ፤ እንግዲህ እንሂዳ!» ይላሉ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ያላቸው ይጨመርላቸዋል፤ የሌላቸው ግን ያችኑ ያላቸውን ይነጠቃሉ። በየጠዋቱ ሰው ሳያየኝ ወደ ኮረብታው ወጣ ብዬ የምለማመደውም ለዚህ ነው፤ አንደኛ ወጥቶ መመስገን በኔ ዕድሜ የሚያጓጓ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ ማንጎ ሥር ተቀምጬ፣ ለልብስ ሰፊው «ቀስ ብለህ ና፣ ልጄ» የማለት ጉጉት አለብኝ።