ከሰርቦ ለአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ አልተለወጠም፤ መነኩሴው ግን ተለውጧል። የዛሬው መነኩሴ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቆቡ የ1960ዎቹ ላንድሮቨር ነው፤ መርፌና ክሩ የሚመጣው ከዱባይ ነው። ቀዶ መስፋቱ ዓመታት ይፈጃል። ወዳጆቹ «የት ደረሰች?» ብለው ሲጠይቁት «ገና ናት፣ እየሠራኋት ነው» ይላል። የሚሠራት መካኒኩ ነው።

እኛ ሰርቦዎች በዚህ ጉዳይ የምንለው አለን። ከተማችን የቀርሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ ሁሉ አሰንዳቦን ካለፈ በኋላ እኛን ሳይረግጥ ጅማ አይገባም። ወደ አጋሮና ወደ ጌራ አሮጌ መኪና ፍለጋ የሚወርደውም እንደዚያው። ሰርቦ ላይ ቪኤይቱን ያቆማል፣ ማኪያቶ ያዝዛል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

«እዚህ አካባቢ የቆመ ላንድሮቨር ይገኛል?»

«የቆመ የለም። የሚሄድ ግን አለ።»

ፊቱ ቅጭም ይላል። ለካስ የሚሄድ መኪና አይጠቅመውም። የሚሄድ ከሆነ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ደግሞ ዋጋ ያውቃል፤ ዋጋ ከሚያውቅ ሰው እጅ ቅርስ ማዳን አይቻልም። የሚፈለገው ጎማው ተንፍሶ ጓሮ የተጣለ፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልበት፣ ባለቤቱ ሞቶ ወራሾቹ የሚካሰሱበት ነው። እንዲህ ያለውን በርካሽ ገዝቶ፣ በትልቅ መኪና ላይ አስጭኖ፣ «ከመጥፋት አዳንኩት» ማለት ይጥማል። እስካሁን ሳይጠፋ የቆየው ማን ይዞት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እርግጥ ውለታው ሁሉ የእኛ ነው አንልም። ላንድሮቨር ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነበርና ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ጭቃና ውሃ ሲገባበት ከውስጥ ይበላል። አፍቃሪዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው መሰለኝ ገንዘባቸውን በማይዝገው በኩል የሚያፈሱት። ኮፈኑን ፊት እስኪያሳይ ያሹታል፣ ሰም ይቀቡታል፣ ባቲላሜራውን አላስተኛ አላስቀምጥ ይሉታል። ሻንሲ ፎቶ ላይ አይወጣም።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮፈኑን የሚያየው የለም፤ ሻንሲው ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ይበየዳል። የነዳጅ ታንከሩ ሲያንጠባጥብ ሳሙና ይለጠፍበታል። ካንዴላው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። የውሃ ጎማው ሲተረተር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ይጠመጠምበታል። የቀኙ በር የታሰረው በገመድ ነው፤ ገመዱን መፍታት የሚችለው ረዳቱ ብቻ ስለሆነ ረዳቱ ሻይ ሊጠጣ ከሄደ ተሳፋሪው ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ከንጋት እስከ ቁርስ ባለው ጊዜ ያልቃል። አንድም ቀን «እድሳት ላይ ነን» ብለን አናውቅም። ማንም ስላልነገረን እንጂ ለካ ስንዝናና ኖረናል።

እንግዳው የሞተ ሲያጣ በሕይወት ያለችውን ለማየት ይስማማል። ባለቤቱን ሽማግሌ እጅ ነስቶ ይጠይቃል።

«አባባ፣ ኦሪጅናል ናት?»

«ኦሪጅናል ናት ልጄ። ሞተሯ የቶዮታ ነው፣ ባትሪዋ የአይሱዙ ነው፣ ፍሬኗን አላህ ያውቃል። የቀረው ኦሪጅናል ነው።»

«የቀረው ምንድን ነው?»

«መሪውና እኔ።»

እንግዳው ያዝናል። በእሱ ሃይማኖት የቶዮታ ሞተር ላንድሮቨር ውስጥ መግባቱ ከባድ ኃጢአት ነው። እሱ ለአንዲት የፍሬቻ ክዳን ሲል መርካቶ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል፤ እዚያ ካጣ ከእንግሊዝ አገር ያስመጣል። ክዳኗ በአውሮፕላን ትመጣለች፣ ጉምሩክ ትቀረጣለች፣ በክብር ትገጠማለች። መኪናዋ በወር አንድ እሁድ ከግቢ ወጥታ ሆቴል በር ላይ ትቆማለች፤ ፍሬቻ የምታሳየውም ወደ ሆቴሉ ስትታጠፍ ነው።

ደግሞ ተቃራኒው ሃይማኖት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔብል ቢች በሚባል ቦታ በየዓመቱ የመኪና ቁንጅና ውድድር ይካሄዳል። እዚያ ሳይታደስ እንዳረጀ ለቆየ መኪና የተለየ ምድብ አለ፤ ጭረት ክብር ነው፣ የለቀቀ ቀለም ማዕረግ ነው። ይህን የሰማው የእኛ አፍቃሪ በቅርቡ አቋሙን ቀይሯል፤ አሁን የሚፈልገው «እርጅናው የሚያምርበት» ነው። እንኳን ደስ ያለው፤ ሰርቦ ጭረት ሞልቷል። የግራው ፓራፋንጎ ላይ ያለው ስብራት የአንድ ኮርማ ሥራ ነው። ጣሪያው ጎድጎድ ያለው ሰው ስለተቀመጠበት ነው፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም ከነፍየሉ። አንዳንድ ባለሀብት ግን መኪናውን ገዝቶ ቀለሙን ሁሉ ካስላጠ በኋላ፣ ያረጀ የሚያስመስል ቀለም የሚቀባ ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰምተናል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እንግሊዞቹስ? በየዓመቱ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖችን ጎህ ሲቀድ ከለንደን ሃይድ ፓርክ ያስነሱና እስከ ብራይተን ይነዳሉ፤ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጭሱ ይትጎለጎላል፣ የቆመው ይገፋል፣ ሕዝቡ ዳር ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። እኛም በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ይህንኑ እናደርጋለን። ጭስ አለ። ግፊያ አለ። ዳር የቆመም አለ፤ እሱ ግን ትራፊክ ነው፣ እጁም ለጭብጨባ አይመቸውም፤ የቅጣት ደብተር ይዟል። ለዓመታዊ ምርመራ ስንሄድም «ይህቺ ገና ትሄዳለች?» ተብለን እናፍራለን። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ እህቷ «ገና ትሄዳለች!» ሲባል ይጨበጨባል።

እኛን በጥቅምት ጎህ ሲቀድ የሚያስነሳን ግን ልማድ አይደለም፤ ቡና ነው። ቀዩ እሸት ተለቅሞ በዚያው ቀን መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ይግላል፣ መቡካት ይጀምራል፤ ጥፋቱ ሲቀመስ ይታወቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል። አስፋልቱ በከተማችን መሀል ቢያልፍም ቡናው አስፋልት ዳር አልበቀለም፤ ጥላ ያለበት ጫካ ውስጥ፣ መንገዱ ዝናብ በጣለ ቁጥር በሚጠፋበት ቀበሌ ነው ያለው። አዲስ መኪና ያለው ሰው መኪናውን እዚያ አይሰዳትም፤ ይሳሳላታል። ስለዚህ አሮጊቷ ትሄዳለች። ጠዋት ሰው ታወርዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ታወጣለች፣ ማታ ደግሞ ምጥ የያዛት ካለች ጅማ ታደርሳለች። እንግዳችን ይህን ሲሰማ ማኪያቶውን ፉት ብሎ «እንዴት በታሪክ ላይ ጆንያ ይጫናል!» ይላል።

ታሪክ ካነሳ እኛም ትንሽ እናውቃለን። አንድ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር ወራት ፈጅቶ ነው። ያቺ መኪና ደርሳ የታየችው ስለሄደች ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሠ ነገሥት በቮልስ የኋላ ወንበር ሲወጡ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ውርደት ነው ያየው። ዛሬ የንጉሡ መኪኖች በ2017 በተከፈተው የብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይጎበኛሉ፤ ቮልሷም ብትሆን ተከብራለች። ሮዝ ተቀብታ ሙሽራ ታመላልሳለች፣ የዘፋኝ ክሊፕ ትሠራለች። እኛ አልተቀየምንም። ሙሽራ ከጆንያ ትቀላለች።

ለእርጅናችን ዋጋ በመስጠት መንግሥትን የሚያህል የለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ባረጀ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። የዚያን ዕለት አገር ውስጥ ያለ ቤንዚን የሚጠጣ ሁሉ፣ ቁርጥራጩም ሳይቀር፣ ተወደደ። አካሄዳችን ይህ ከሆነ ወደፊት የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ የጥንት መኪና አፍቃሪ መሆኑ አይቀርም። እኛን የሚቆጨን ማንም ወደ ሰርቦ መጥቶ ልምድ አለመውሰዱ ነው። ሃቫና ውስጥ ከአሜሪካ ማዕቀብ በፊት የገቡ መኪኖችን ኩባዎች በግድ ሲጠጋግኑ ኖረው፣ ይኸው ዛሬ ቱሪስት እየከፈለ ይሳፈርባቸዋል። እኛ ማዕቀብም ሳያስፈልገን ነው የተካንነው።

ወደ ገበያው እንመለስ። እንግዳው ላንድሮቨሯን ሦስቴ ዞሯት፣ ከሥሯ አጎንብሶ አይቶ፣ እንዴት አሳምሮ እንደሚሠራት እያሰበ ዋጋ ይጠይቃል። ሽማግሌው ገንዘብ አይጠሩም።

«አንተ በምን መጣህ ልጄ?»

«በዚያች ነጭ ቪኤይት።»

«እንግዲያው እንቀያየር። ከወደድካት አንሳት።»

እንግዳው ይስቃል፤ ቀልድ መስሎታል። ሽማግሌው አይስቁም። «አንተ ታሪክ ትወዳለህ፣ እኔ ጆንያ አለብኝ። ሁለታችንም እንጠቀማለን» ይሉታል።

«አይ አባባ፣ እሷማ የሥራ መኪናዬ ናት። በምን ልሠራ?»

«እኔስ?»

ለዚህ መልስ ሳይሰጥ፣ ሽማግሌው ቢስማሙ የሚደውሉበትን ስልክ ቁጥር ትቶ፣ ሁለት ፎቶ አንስቶ፣ የማኪያቶውን ከፍሎ ወደ ጅማ ይነዳል። በበኩላችን ቅር የሚለን እንዳይመስለው። ላንድሮቨሯ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። ባትሪዋ ካደረ ስለማያስነሳ ቁልቁለቱ ጋ እስክትደርስ አራት ጎበዝ ይፈልጋል። ለአሮጌ መኪና ፍቅር ያለው ሁሉ ይምጣ፤ ከኋላ ቦታ አለ።