ግመል ሰርቆ አብርቶ

ቂርቆስና ካዛንቺስ ከተገናኙ ተረብ አይቀርም። ሊመሽ ሲል ከቂርቆስ በተነሣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አምስት ሆነን ተጣብቀናል። የካዛንቺሱ ልጅ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ጀመረ።

«ስማ፣ አውሮፕላንን በፕላዝማ ሸፍነህ ከራዳር መሰወር ይቻላል አሉ።»

«ፕላዝማማ እናውቀዋለን!» አለ የቂርቆሱ። «በ1990ዎቹ መጨረሻ 9ኛ ክፍል ገብቶ መምህሩን የሰወረብን እሱ አይደል?»

«እሱው ነው! ስክሪኑ ውስጥ የነበረው ጋዝ ነው። በኤሌክትሪክ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ሲላቀቁ ያበራል። የተላቀቁት የራዳሩን ሞገድ ይውጡታል ወይም ያጣምሙታል።»

«ያበራል አልክ? ሌላው ግመል ሰርቆ ያጎነብሳል፤ የናንተው ጭራሽ አምፖል ይለኩሳል!»

«አትቀልድ። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ አርኖልድ ኤልድሬጅ እ.ኤ.አ. በ1956 ለፓተንት አመልክቶ በ1964 ተሰጥቶታል። በ1999 ደግሞ የሩሲያው ኬልዲሽ ማዕከል 100 ኪሎ የማይሞላ መሣሪያ አውሮፕላኑ ራዳር ላይ የሚታይበትን መጠን በ100 እጥፍ ይቀንሳል አለ።»

ጥግ የተቀመጡት ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ በ100 ቢቀንስ እንኳ ራዳሩ የሚያይበት ርቀት የሚያጥረው በ3 እጥፍ ገደማ ነው። ሒሳቡ አራተኛ ሥር ነው።»

«የመርካቶ ዋጋ በሉኛ! 100 ብሎ ይጠራና በ3 ይስማማል።»

«ደግሞ እኔ ዶቼ ቬለን በአጭር ሞገድ ስሰማ የኖርኩት በፕላዝማ ነው» አሉ ጋሼ። «ሰማይ ላይ ያለው አዮኖስፌር ፕላዝማ ነው፤ አጭሩን ሞገድ አንጥሮ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ድግግሞሹ ከፍ ያለውን ሞገድ ግን ያሳልፈዋል።»

«ሰማህ? ዕድሜውን ሙሉ የባሕር ማዶ ወሬ ሲያመላልስ የኖረ፣ ዛሬ ያንተን ምስጢር ይጠብቅልህ?»

«ፓይለቱም ቢሆን ሬዲዮው ይታፈናል» ጨመሩ ጋሼ። «ከጠፈር የሚመለስ መንኮራኩር ፕላዝማ ሲከበው ለደቂቃዎች ድምፁ ይጠፋል።»

«ከጠላት ልሰወር ብሎ ከሚስቱም ጠፋ!»

የካዛንቺሱ ልጅ ሊያፈገፍግ ሲል የቂርቆሱ ደረበበት። «ለመሰወርማ የናንተን ሰፈር የሚያህል የት አለ? በ2017 መጀመሪያ ያለ ፕላዝማ፣ በዶዘር ብቻ! ነዋሪው ገላን ጉራ ላይ ብቅ አለ።»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሠርቶ ‹ካዛ ኢንቺስ› ብሎ ሄደ። እሱም የለም፣ ቤቱም ፈረሰ። ስሙን ግን ስማው።»

ወያላው በመስኮት ወጥቶ ይጮሃል፦ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! የሞላ፣ ካዛንቺስ!»

ቂርቆስ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣ። ወዲያው ወያላው ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ትራፊክ! ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ!»

ጋሼ ሳይቀሩ ጎነበስን። ታክሲው ጨለመ፤ የካዛንቺሱ ልጅ ፊት ብቻ በስልኩ ብርሃን ቦግ ብሎ ይታያል።

«አንተ፣» አለ የቂርቆሱ ከወንበሩ ሥር፣ «ፕላዝማህን አጥፋ!»