ጉራህ ተነፍቶ፣ መኪናህ ተንፍሳ

«መብራቱ ነው የተበላሸው፤ መኪናዋስ ጤነኛ ናት» አልክ? እናንተ አስፋልት ዳር ጥላ ሥር ያላችሁ የሸዋሮቢት ሰዎች፣ ጠጋ በሉ! ይህ ሰው መርሴዲሱ በሆዷ መሬት እየነካች፣ ዳሽቦርዱን በሐሰት ይከሳል።

የያዝከው ኤስ ክላስ ደብሊው 220 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ኤርማቲክ የሚሉትን ይዞ መጣ፤ በሞላ ፋንታ የጎማ ከረጢት ውስጥ የታመቀ አየር ነው የሚሸከምህ። ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። አንተ ማታ ጉራህን ስትነፋ እሷ ሌሊቱን ስትተነፍስ ታድራለች፤ ጠዋት አንተ ትንፍሽ አትልም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ነበር የሚባለው። አንተ ግን ቆማ የተውካት ቁጭ ብላ ጠበቀችህ!

«የብልሽት ኮዱን አስጠፍቼዋለሁ» ይለኛል ደግሞ። አዲስ አበባ ያስጠፋኸው መብራት የት በራ? ደብረ ብርሃን! ታዲያ እዚያ ካልበራ የት ይብራልህ? ጣርማ በር ላይ ደግሞ ባሰበት። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩን የሚሞላው ኮምፕረሰር ያንኑ ግፊት ለማምጣት ብዙ ይሠራል፣ ይግላል፣ እንዳይቃጠል ይቆማል። እዚያ ባለው ዋሻ አፍ ላይ «ጋኔን አለ» ያልከው ይኼ ነው። ጋኔኑ ቀዳዳህ ነው፤ ጸበል ሳይሆን ሳሙና ይፈልጋል።

«የቆላ ሙቀት ነው!» በል እሺ። ሙቀት አየርን ያሰፋል። እንዲያማ ከሆነ ይፋት ስትወርድ መኪናህ ከፍ ብላ የማንጎውን ጫፍ ማየት ነበረባት፤ እሷ ግን ሥሩን ነው የምታየው! ሙቀት ለዓመታት ጎማውን አድርቆ ይሰነጥቃል፣ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለህ። ስንጥቁ ግን ጎማው በሚጠጥርበት በደብረ ብርሃን ብርድ ማፍሰሱ ይብስበታል።

«ኮምፕረሰር ሁለቴ ቀይሬያለሁ።» ኧረ ጉድ! እንስራህ ቢያፈስ ከሮቢ ወንዝ ወደ ጀውሃ ትዛወራለህ? አየሩ እየሾለከ ኮምፕረሰሩ እረፍት አጣ፤ ሪሌው ግሎ ተጣበቀ፤ አዲሱም አቁም የሚለው አጥቶ ተቃጠለ። የደሴ መንገድ የተሳቢ ረዳት እንኳ የፍሬን ንፋስ ሲሾልክ በጆሮው ይደርስበታል። አንተ ጆሮህን ለኮምፕረሰር ሻጩ ሰጥተህ ነው የመጣኸው።

ስማ። ዛሬ ማታ ደልዳላ ቦታ አቁማት። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፤ አራቱንም ጻፍ። ጠዋት በሯን ሳትከፍት ደግመህ ለካ። አንዱ ጥግ ብቻ ከወረደ የዚያ ከረጢት ነው፣ ወይም አናቱ ላይ የምትገባዋ ቀጭን ቱቦ። ሁለት ሦስቱ አብረው ከወረዱ አየሩን ለየጥጉ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ብሎክ ጠርጥር። አንዱም ካልወረደ የከፍታ ሴንሰሩን ዘንግና ባትሪውን እይ። ከዚያ የሳሙና ውሃ ቱቦዋ መግቢያ ላይ አፍስስና አፍጥጥ፦ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ሌላው ይተካል። ተገኘልህ ሌባው! ሥሯ ግን እንዳትገባ፤ በጠንካራ ድጋፍ ካልቆመች ድንገት ብትተነፍስ ትንፋሽህን ይዛ ነው የምትወርደው። ይህን ቀልድ አታድርገው።

«በቃ ሞላ አስገባበታለሁ!» ሞላ ስለገባ ሁሉ ሞላ ማለት መሰለህ? ለሷ የተሠራውን ካስገባህ ትቆማለች። ኮምፒውተሩ ካልተነገረው ግን የሌለ አየር ሲፈልግ ይኖራል፤ ያው መብራት በርቶ ይጠብቅሃል።

ሜትር ከሌለህ ልብስ ሰፊው ያውስሃል። ሱሪህ ጉልበት ላይም ጨርቅ ያስደርብልህ፤ ነገ ጠዋት ተንበርክከህ ለኪው አንተ ነህ፣ እሷማ ተንበርክካ አድራለች!