የሌለ መኪና ዋስትና

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሀበሻ በ703 ወይም በ301 የሚጀምር ስልክ ሲጠራ ዝም ማለት ይከብደዋል። የዕቁቡ ሰብሳቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የልጁ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ መርዶም አይታጣም። ያነሳዋል። እውነትም መርዶ ነው፦ የመኪናው ዋስትና ሊያበቃ ነው። በአውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ከባድ ሐዘን!

ቁጥሩ የሰፈር መምሰሉ በአጋጣሚ አይደለም። በኢንተርኔት ስልክ የደዋዩን ቁጥር የሚሞላው የደዋዩ ኮምፒውተር ነው፤ የፈለገውን ይጽፋል። አጭበርባሪውም የተደዋዩን የመጀመሪያ ስድስት አኃዞች ወስዶ ጎረቤት ይሆናል። የገዛ ቁጥሩ የደወለለት ሰውም አለ። የጥሪው ዋጋ በደቂቃ ከአንድ ሳንቲም በታች ስለሆነ ሚሊዮን ሰው ጆሮው ላይ ቢዘጋበት ደዋዩ አይከስርም።

በ2021 አንድ የዋስትና ሻጭ ቡድን በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከ5 ቢሊዮን በላይ ጥሪ ወደ 500 ሚሊዮን ቁጥሮች ለቀቀ። የአገሪቱ ሕዝብ ጡት ያልጣለው ጭምር ተቆጥሮ ያኔ 330 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነሐሴ 2023 ቡድኑን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። መቅጣት አንድ ነገር፣ መሰብሰብ ሌላ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2019 እንደዘገበው ኮሚሽኑ ከ2015 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ደዋዮች ላይ ከጣለው 208.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የተሰበሰበው 6,790 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ደህና ኮሮላ አይገዛም፤ ቢገዛም ዋስትናው ያለቀ ነው።

«አትደውሉልኝ» የሚል የመንግሥት መዝገብም ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች ሰፍረውበታል። ጨዋው ነጋዴ ያከብረዋል። የሚያስቸግረው ግን እሱ አልነበረም።

ሻጩን እንደ ሌኒ ያንገላታው የለም። ሌኒ ሰው አይደለም፤ የኢንተርኔት ስልክ ማዞሪያ ላይ የተጫኑ 16 የድምፅ ቅጂዎች ነው። የሚሰማው ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ድምፅ ነው። ሻጩ ትንፋሽ ሲወስድ ቀጣዩ ቅጂ ይለቀቃል፦ አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለገባችው ልጃቸው ስለ ላሪሳ ያወራሉ፤ መሃል ላይ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ። ቅጂው ሲያልቅ ወሬው እንደገና ይዞራል፤ አንዳንዱ ሻጭም ግማሽ ሰዓት ሲለፋ ይቆያል። በ2024 ደግሞ የእንግሊዙ የስልክ ኩባንያ ኦቱ ስለ ሹራብ ሥራ ማውራት የማይደክማት ዴዚ የምትባል ሰው ሠራሽ አያት አሰማርቶ አጭበርባሪዎችን እስከ 40 ደቂቃ አስቀምጧል።

የአማርኛ ሌኒ ቢሠራ 16 ቅጂ ለሰላምታው እንኳ አይበቃም። ከብቱ ደህና? ዝናቡስ? ልጆቹስ አደጉ? ሻጩ ይህን ሁሉ ችሎ ወደ ዋስትናው ሲደርስ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ይጠይቁታል፦ «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»