የጥርስ ምርመራ

ገበሬ ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፣ አስሮጦም ትንፋሹን ይሰማል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ፀዳ ላይ፣ የቤቲንግ ትኬት የቆረጠ ጎረምሳ ግን ጥርሱን ባላየው የእንግሊዝ አጥቂ ፍጥነት ሲከራከር ያመሻል። «ዕድል አይደለም፣ ጥናት ነው» ይላል። ይሁን! ችግሩ ጥናቱ ኦድ (የውርርድ ዋጋ) አውጪው ዘንድ ቀድሞ ደርሶ ዋጋው ውስጥ መግባቱ ነው። አቋማሪው ከየጨዋታው 5 በመቶ ብቻ ቢቆነጥር እንኳ፣ 10 ጨዋታ የተደረደረበት ትኬት ከ100 ብር በአማካይ የሚመልሰው 60 ብር ገደማ ነው። «እገሌ በልቷል እኮ!» ለሚሉ፦ አዎ፣ በልቷል፤ የበላ ትኬት ይለጠፋል፣ የተበላው ይጠረጋል። በጥምቀት ጉግስ የተሸነፈ ፈረሰኛ ግን ሽሙጡን ችሎ ቤቱ ይገባል እንጂ በሬ አይሸጥም።