ከመነሳቱ በፊት የደረሰው ቡድን

የቆጵሮስ ዋና ከተማ ኒኮሲያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ደቡቧ በግሪክኛ ተናጋሪዎች፣ ሰሜኗ በቱርክኛ ተናጋሪዎች እጅ ሆኖ የምትኖር ስትሆን፣ በመካከሏ የሚያልፈው «አረንጓዴ መስመር»፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች የሚጠብቁት ቀጠና፣ ስሙን ያገኘው በ1963 መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታ ላይ ካሰመረበት እርሳስ ቀለም ነው። ከዚያ በፊት ከተማዋን የከፈላት ሳይሆን የተፈራረቀባት ነበር የበዛው፤ ቬኒሳውያን ኦቶማኖችን ለመመከት አሥራ አንድ የማዕዘን ምሽግ ያለው ክብ ግንብ ሠሩላት፤ ኦቶማኖች ግንቡ በቅጡ ሳያልቅ በ1570 ገብተው ከፈረንሳይ የመጡት የሉዚኛን ነገሥታት ያሠሩትን ካቴድራል መስጊድ አደረጉት፤ በ1878 የመጡት እንግሊዞችም በኦቶማኖች ዘመን የወደቀውን የቬኒስ ዓምድ በ1915 መልሰው ሲያቆሙ፣ አናቱ ላይ በቬኒስ አንበሳ ፈንታ የመዳብ ሉል አኖሩበት። ያ ሁሉ ከተለፋበት በኋላ የግንቡ ቦይ ዛሬ በከፊል የመኪና ማቆሚያ ነው።

ይህን ታሪክ ሊያጠና በ2017 መጀመሪያ የመጣ አንድ የታሪክ ተማሪዎች ቡድን በደቡቡ ክፍል አድሮ፣ በ2008 በተከፈተው በሌድራ ጎዳና መሻገሪያ በኩል ወደ ሰሜን አለፈ። ቀጠሮው ከጠዋቱ 4 ሰዓት (ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በቡዩክ ሃን፣ ማለትም ኦቶማኖች በ1572 ለሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ በሠሩት፣ እንግሊዞችም በኋላ እስር ቤት ባደረጉት ግቢ ውስጥ ነበር። ቡድኑ ከመንገዱ ማጠር የተነሳ በደቡቡ ሰዓት 3:45 ላይ ተነሥቶ፣ ፓስፖርቱን ሁለት ጊዜ አሳይቶ ሲደርስ፣ አስጎብኚው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቆ ሦስተኛ ቡናውን ጀምሯል። ምክንያቱ ቱርክ በ2016 መጸው፣ በሙቀት ወራት ሰዓትን በአንድ ሰዓት የማስቀደምን ልማድ ዓመቱን ሙሉ ለማጽናት መወሰኗና ሰሜኑም እርሷን መከተሉ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ቅዝቃዜ ወቅት ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው አንድ ሰዓት ያረጅ ነበር። ቬኒስ፣ ኢስታንቡልና ለንደን በየተራቸው ከሩቅ ያስተዳደሯት ከተማ ግማሿ የጠዋቷን ሰዓት ከአንካራ መቀበሏ ለታሪክ አዋቂ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር፤ ይሁንና ታሪክ አዋቂዎቹ የጉዞ መርሐ ግብር ሲያወጡ ያሰቡት ስለ ግንቡ ብቻ ነው።

በቡድኑ ውስጥ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ የእጅ ሰዓቱን አላስተካከለም ነበርና፣ ሰሜኑ በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ስለገባ፣ ትክክለኛውን 4:45 ይዞ የተነሣ እርሱ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በባዕድ አገር የራሱን ሰዓት እየደመረና እየቀነሰ መኖርን ስለለመደ፣ ስሕተቱ የእርሱ እንጂ የሌላው ሊሆን ይችላል ብሎ ስላላሰበ ዝም አለ።

የመልስ ጉዞው ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። ቡድኑ ሰሜኑን 7:00 ላይ ለቆ በደቡብ ወዳለው ምግብ ቤት 6:20 ደረሰ፤ ምድጃው ገና አልተለኮሰም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ግን በውሎ አበል ቅጽ ላይ «መነሻ 7:00፣ መድረሻ 6:20» ተብሎ በሐቅ የተሞላው ወረቀት «ይስተካከል» ከሚል ትእዛዝ ጋር ከሒሳብ ክፍል ተመለሰ። የቡድኑ መሪ፣ ዕድሜ ልካቸውን የግዛተ ዐፄዎችን አስተዳደር ያጠኑት ምሁር፣ ስለ አንካራ ውሳኔ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጽፈው ሰሚ ሲያጡ መድረሻውን 7:20 ብለው ፈረሙ፤ በዚህም ደቡቡ ያልተቀበለው ሰዓት በደቡብ ምሳ እንደተበላበት በማኅተም ጸደቀ።