የማያልቅ ሠርግ

ሙኒክ የሚማረው የእህቴ ልጅ እናቱን ኦክቶበርፌስት ወስዶ ፎቶ ላከልኝ። ረቡዕና ዓርብ የማትስተው እህቴ የአንድ ሊትሩን ብርጭቆ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋዋለች። «ቢራ የጾም ነው» አለችኝ በስልክ።

ድግሱ እ.ኤ.አ. በ1810 የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ቴሬዛን ሲያገባ የተጀመረ ነው። ሙሽሮቹ ካለፉ ስንት ዘመናቸው፤ ታዳሚው ግን ገና አልተነሣም።

እኔ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ነኝ። አልኮል እዚህ በሕግ ክልክል ነው፤ ጨዋ አገር! ብቻ ጫቱ ከአወዳይ ድንበር ተሻግሮ ሲደርስ ሰፈሩ በምርቃና ዓለምን ያስተዳድራል፣ ማታ ደግሞ ሥልጣኑን ይለቃል። ጀርመኖቹ ከሁለት ሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል ድንኳናቸውን ነቅለው ሥራ ይገባሉ። የእኛ ድንኳን በየቀኑ ነው የሚተከለው። ስለዚህ እህት ዓለም፣ አትሳቀቂ፤ ጠጪ!